የሮቢት ልጅ የሚስቅበትን መጽሐፍ ማን ይጻፍለት?



ዛሬ ስለ ልጆች መጽሐፍ ላውራችሁ። ተረት ለናቁት፣ የአዋቂ ልብ ወለድ ግን ገና ላልደረሱበት፤ ከ9 እስከ 12 ዓመት ስላሉት።

ሮቢት ላይ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ምን አይቶ እንዳደገ አስቡት። በ2013 መኸር አንበጣ የራያን ማሽላ ጋጠው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ጦርነቱ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 መብራት የለ፣ ባንክ የለ፣ ስልክ የለ። ነሐሴ 2014 ውጊያው ተመልሶ መጣ።

ለዚህ ልጅ የሚደርሰው ጽሑፍ ወይ ይመክረዋል፣ ወይ ያለቅስለታል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት እያወሩ ትውልድ አዝናንተዋል። ልጁ ራሱ ያየውን መከራ ይዞ የሚያስቀው ልብ ወለድ ግን፣ መደርደሪያው ባዶ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ሌላው ዓለም ይህን ሠርቶበታል። ክሪስቶፈር ፖል ከርቲስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1999 «ባድ፣ ኖት ባዲ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ዘመኑ 1936 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጠፍቶ ሰው ለምግብ የሚሰለፍበት። እናቱ የሞተችበት የ10 ዓመት ልጅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ አባቴ ነው ብሎ ያመነውን ሙዚቀኛ ፍለጋ ይወጣል። ጨለማ ቤት ሲቆለፍበት የተርብ ቤት አይቶ ደም መጣጭ የሌሊት ወፍ ይመስለውና ይገጥመዋል! ትስቃላችሁ፤ የልጁ ብቸኝነት ግን ከልባችሁ አይወጣም። መጽሐፉ በ2000 ኒውበሪ የተባለውን ትልቅ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት አገኘ።

«ሙሲባ ላይ ምን ያስቃል? ልብ ወለድስ ውሸት አይደል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ነገር ግን አቡ ዑመይርን አስታውሱ፤ የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት አዝኖ ሳለ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በስሙ ቤት በሚመታ ቃል ስለ ወፏ እየቀለዱ አጫወቱት። ጨዋታውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ የወፏን መሞት አቡ ዳውድ ይጨምራል። ስለ ልብ ወለድ ደግሞ የሐሪሪ መቃማት አለ። ጀግናው አቡ ዘይድ የተፈጠረ አታላይ ለማኝ ነው፤ ዑለማዎች ግን ዐረብኛ ለማስተማር ለዘመናት ተጠቅመውበታል። ሐሪሪ ራሱ መግቢያው ላይ፣ እንስሳት የሚናገሩባቸውን ተረቶች ጠቅሶ ይሟገታል።

ወደ ሮቢት ልመለስ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ እንፍጠር። ሥራው ማሽላው መሀል ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ መጠበቅ ነው። «እኔ እያለሁ አንዲት ፍሬ አትነካም!» እያለ ሰፈሩን አሰልችቷል። አንበጣው መጣ። ጀሪካን ይደበድባል፣ ይጮኻል፤ አንበጣው ወንጭፉ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ ጦርነቱ። አባቱ ሳዑዲ ነው፤ ስልክ ተቋርጧል። አያትዬው ሬዲዮኑን ለመደበቅ መሬት ይቀብሩትና የት እንደቀበሩት ይረሱታል፤ ግቢው በሙሉ ይቆፈራል። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ሲደበቅ አውራ ዶሮው አልችል ይላል። ልጁ ብርድ ልብስ ደፍቶበት «ገና ሌሊት ነው» ብሎ ሊያሳምነው ይታገላል። ዶሮው የኔ ፈጠራ ነው። ከእናንተ መካከል ግን ከዚህ የሚብስ እውነተኛ ታሪክ ያለው አይጠፋም።

አንድ ድንበር አለ። ጳጉሜን 2013 ቆቦ ላይ የተገደሉት ሰዎች አይቀለድባቸውም፤ ታሪኩ እዚያ ሲደርስ ሳቁ ይቁም። ሳቁም ልጁ በራሱ ፍርሃት ላይ የሚስቀው ይሁን፤ ድህነቱን መሳቂያ የሚያደርግ ጽሑፍ ከሆነ ባይጻፍ ይሻላል።

የእርዳታ ድርጅት እስኪጽፍላችሁ አትጠብቁ። ወልዲያና ደሴ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ መድረሳ የምታስተምሩ፣ ሦስት ገጽ ጀምሩ። ልጁ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ ራያ ልጅ ይናገር። ከቂርኣት በኋላ ለልጆቹ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ያልሳቁበትን ሰርዙ።

የመጀመሪያ ምዕራፍ ያለው በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ስሙ እንዳይወጣ የሚፈልግም ይችላል።