የነገረ አይክሰር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ከብት አርቢው የመንጋውን በሽታ የሚደብቀው ግን ተረቱን ስለማያውቅ አይደለም፤ ሒሳቡን ስለሚያውቅ ነው።

ወገኖች፣ በሽታ ሳይዛመት ሲያዝ ወጪው አነስተኛ መሆኑን እኛ የሕክምና ተማሪዎች በየዕለቱ እንማራለን። ለከብትም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ታክሎበት እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን መጣ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ይዘው ከብቱ ያለበት ድረስ ሄዱ። በኢትዮጵያ የደስታ በሽታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ድሉ የላቦራቶሪ ብቻ አልነበረም፤ ከመንጋው ጋር የሚውለው ሰው ድል ጭምር ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ዛሬ ያየውን ለምን አይናገርም? እዚህ ዳቡቅ ተቀምጠን መልሱ ከጎረቤት አገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ተነሥቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ በሚመጣ ከብት ላይ በራቸውን ዘጉ። የሳዑዲ እገዳ እስከ 2009 ቆየ። በበርበራ በኩል በግና ፍየሉን ይልክ የነበረው የሶማሌ አርብቶ አደር ገበያው ተዘጋበት። «በሽታ አለ» ማለት «ገበያዬን ዝጉት» ማለት መሆኑን ያየ ሰው ዝም ቢል ይፈረድበታልን?

ስለዚህ አንደኛ፣ በሽታን ለመግታት ለሚታረድ ከብት የገበያ ዋጋው ሳይዘገይ ይከፈል። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ላስታወቀ አርቢ፣ ጥርጣሬው ስሕተት ሆኖ ቢገኝም እንኳ፣ ለደከመበት ይከፈለው። ሦስተኛ፣ እገዳ ሲጣል በሽታው በተገኘበት አካባቢ ይወሰን እንጂ አገር በሙሉ አይቀጣ።

«ካሳ ካለ አጭበርባሪ ይበዛል» የሚሉ አይጠፉም። ናሙናው ይመርመር፤ አጭበርባሪው ይታወቃል። የጥቂት ከብቶች ካሳ ለዘጠኝ ዓመት ከተዘጋ ገበያ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስከፍለን የአርቢው ዝምታ ነው።