ስሙ የማይነገር ሠራተኛና ዋጋው

ማናቸውም ትልቅ ሥራ በአንድ ሰው ስም ቢጠራም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይፈጸምም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነበር፤ ነቢዩ ኤርምያስ የተናገረውንም በክርታስ ላይ ያሰፈረው ባሮክ ነው። የእነዚህ ጸሐፊዎች ስም በመጽሐፉ ባይገኝ ኖሮ ድካማቸውን የሚያውቅ ባልኖረም ነበር።

በዚህም ዘመን ትምህርትንና ወሬን፥ ጨዋታንም በቪዲዮ እያዘጋጁ በኢንተርኔት ለሕዝብ የሚያቀርቡ ሰዎች በርክተዋል። ሕዝቡ የሚያውቀው በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ሰው ነው እንጂ፥ ቪዲዮውን ቆርጦ የሚያቀናብረውን፥ ድምፁን የሚያጠራውን፥ ንግግሩን ወደ ሌላ ቋንቋ መልሶ ከሥዕሉ ግርጌ የሚጽፈውን፥ ሒሳቡንም የሚይዘውን አያውቅም። ሆኖም ይህ ረዳትነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፥ በዐባያ ሐይቅ አቅራቢያ ባለው በጫኖ፥ ለወጣቱ ይህ ሙያ የሚናቅ አይደለም። የጫኖ ሙዝ ወደ ገበያ ለመድረስ መኪናና መንገድ ይፈልጋል፤ ሳይሸጥ ከሰነበተም ይበላሻል። የተቀናበረ ቪዲዮ ግን መብራትና ኢንተርኔት ካልተቋረጠ፥ አሠሪው በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ቢኖር በዚያው ቀን ይደርሰዋል። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። አማርኛንና ጋሞኛን አስተካክሎ የሚያውቅ ወጣት ደግሞ ሌላው አቀናባሪ በቀላሉ የማያገኘው ሀብት አለው።

ነገር ግን የእጅ ጥበብ ብቻውን ባለቤቱን እንደማያከብር ጋሞ ከሸማ ሥራ ተምሯል። ከዶርዜና ከአካባቢው ደጋ ወጥተው በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የተቀመጡ ሸማኔዎች የሠሩት ጥለት አገር ያደነቀው ሆኖ ሳለ፥ ትርፉ ብዙ ጊዜ የነጋዴው ነበር፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ለዚሁ ሥራ እየተወሰዱ ከትምህርት ተለይተዋል። የዛሬውም አቀናባሪ ካልተጠነቀቀ ዕጣው ይኸው ነው። ዩቲዩብ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከማስታወቂያ ገቢ ድርሻ የሚከፍለው ለቻናሉ ባለቤት ነው፤ ረዳቱ የሚያገኘው ከባለቤቱ ጋር የተዋዋለውን ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ም፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ተቀጥሮ ወይም ታዝዞ የተሠራ ሥራ መብቱ የአሠሪው እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ በቃል ብቻ ተማምኖ ሌሊቱን በሥራ የሚያድር ወጣት፥ ቻናሉ ከፍ ባለ ጊዜ ድርሻዬ የት አለ ብሎ የሚሟገትበት ማስረጃ አይኖረውም። የዋጋው ልክ፥ የሚከፈልበት ቀን፥ ስሙም የሚጠቀስበት ሁኔታ አስቀድሞ በውል ሊጻፍ ይገባል።

መብት እንዳለ ሁሉ ግዴታም አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ በቍጣ የተነሣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሱት፤ ሥዕሉም በኢንተርኔት አገር ለአገር ታየ። አንድ አቀናባሪ አባቶችን ቆርጦ ጥሎ ቍጣውን ብቻ ቢያስቀር ኖሮ፥ አንድ የሐሰት ቃል ሳይጨምር እሳት ባቀጣጠለ ነበር። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል፤ ዳሩ ግን ሕግ የሚደርሰው ክፉው ከተሠራ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚደርሰው የአቀናባሪው ሕሊና ነው።

እንግዲህ የአካባቢው ሹማምንት ይህን ሥራ እንደ ሥራ ፈትነት ሳይሆን እንደ ሙያ ቈጥረው፥ ፈቃድ የሚያወጣበትን መንገድ ቢያቀኑለት፥ ናሙና የሚሆን ውል አዘጋጅተው ቢሰጡት መልካም ነው። ስብከታቸውን የሚያስቀርጹ ካህናትም ለሠራተኛው ዋጋውን በጊዜው ይክፈሉ፤ የተቀናበረውንም ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ራሳቸው ይመልከቱ። ይህ ከሆነ የጫኖ ወጣት አገሩን ሳይለቅ እንጀራውን ያገኛል፤ ድካሙም እንደ ሸማኔው ድካም የሌላ ሰው ትርፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም።