ጭስ የሌለበት ጣራ

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው፣ ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የዐፄ ምኒልክን የቀድሞ ቤተ መንግሥት ያያል። ትልቅ ግንብ ለጠበቀ ሰው ይገርማል፤ ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ በላዩም የሣር ክዳን ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የአገር ጉዳይ የሚመከረው በዚህ ተራራ ላይ ነበር። በ1882 ዓ.ም. ንጉሡ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ ቤቱን ጎብኚ ያየዋል እንጂ የሚኖርበት የለም።

ወገኖቼ፣ በሣር ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። የሣር ክዳን አንዴ ተሠርቶ አይተውም፤ በየጊዜው ይታደሳል። ደግሞም የሚጠብቀው ከውስጥ ነው። የምድጃው ጭስ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩን ያባርራል። ምድጃው ከጠፋ ግን ውጪው ያማረ ቢመስልም ክዳኑ ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል።

እምነታችንም እንደዚሁ ነው እላለሁ። በደርግ ዘመን ብዙ የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ እሳቱ አልጠፋም፤ በየጓዳው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይጸለይ ነበር። ዛሬ አዳራሹ ሰፍቷል፣ የድምፅ ማጉያው በርትቷል። የወላጆቻችንን የስደት ምስክርነት በኩራት እንተርካለን። ግን በየቤታችን ምድጃው ይነዳል? የአባቶችን እሳት መተረክ ቤት አያሞቅም። ልጆቻችን እኛ ስንጸልይ የሚያዩን እሑድ ብቻ ከሆነ፣ የምናወርሳቸው የሚጎበኝ ቤት እንጂ የሚኖሩበት ቤት አይደለም።

መክብብ 10፥18 ጣራ የሚጎብጠውና ቤት የሚያፈሰው ባለቤቱ ሲሰንፍ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። በዘሌዋውያን 6፥12-13 ደግሞ ካህኑ የመሠዊያው እሳት እንዳይጠፋ በየማለዳው እንጨት እንዲጨምር ታዟል። እሳቱ የእግዚአብሔር ነው፤ እንጨቱን መጨመር ግን የካህኑ ሥራ ነበር።

«ጊዜ የለም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ገና ሳይነጋ ታክሲ የሚሰለፍ፣ ማታ ደክሞ የሚገባ ብዙ ነው። ቢሆንም ምድጃ በአንድ ጊዜ የጫካ እንጨት አይፈልግም። ከእራት በኋላ አንድ ምዕራፍ፣ ልጆችም የሚሳተፉበት አጭር ጸሎት ይበቃል። ብቻህን ከደከምክ ጎረቤትህን ጥራ፤ የገጠር ቤትም የሚከደነው በደቦ ነው።

አንተም ጌታን ገና የምትፈልግ ወዳጄ፣ አንቺም እህቴ፣ በአዳራሻችን ትልቅነት አትመዝኑን። ቤታችን ገብታችሁ ጭሱን ፈልጉ። ካጣችሁት ጠይቁን፤ መጠየቃችሁ ይጠቅመናል።

ጌታ በየቤታችን እሳቱን ያንድድ። አሜን።