ብርሃኑን አስተካክሉ፣ ፊቱን ተዉት



ባለፈው ዓመት በተመራቂዎች መሸኛ ቀን የጀመዓውን የቡድን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ወንድሞች ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው ትልቅ መስኮት አለ። ፎቶው ሲታይ ጀለቢያው ያበራል፤ ፊት ግን የለም፣ ጥላ ብቻ። ማታውኑ ግሩፕ ላይ መለቀቅ ስለነበረበት በአንድ የማስዋቢያ ፊልተር አሳልፌ ለቀቅኩት። ሁሉም “ማሻአላህ” አለ። በማግስቱ ከቤኒሻንጉል የመጣ አንድ ወንድማችን ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ “ለእናቴ ልልክላት ነበር፤ ግን ይሄ እኔ አይደለሁም” አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፊልተሩ ፊቱን ቀይ አድርጎት፣ አፍንጫውንም አጥብቦት ነበር። እኔ ሳየው ልብ አላልኩትም።

ጥፋቱ ከወንድማችን መልክ አልነበረም፤ ከብርሃን ልኬት ነበር። ካሜራ የብርሃኑን መጠን ሲወስን ምስሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ይጥራል። ነጭ ልብስና መስኮት ሲበዛበት “ብርሃን በዝቷል” ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ያኔ ቀድሞ የሚጠፋው ጥቁር ፊት ነው። አዳዲስና ውድ ስልኮች ፊት ለይተው ያስተካክላሉ፤ የአብዛኞቻችን ስልክ ግን የታወቀ ነው። ነገሩ የቆየም ነው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም “ሸርሊ” ይባል ነበር። ፊልሙ ጥቁር ቀለሞችን በደንብ እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ሱብሃነላህ፣ ለቸኮሌት ሲባል!

ስለዚህ መፍትሔው ፊትን መቀየር ሳይሆን ካሜራው የደበቀውን ብርሃን መመለስ ነው። ከማንሳታችሁ በፊት ሌንሱን ጥረጉት (በኢፍጧር ሰዓት የሳምቡሳ ዘይት የነካው ሌንስ የሚያመጣውን ጭጋግ የትኛውም ሶፍትዌር በቅጡ አያጠራውም)። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊት ያለበትን ቦታ ንኩና የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ሳቡ። ትንሽ ብቻ! በተለመደው የጄፔግ ፎቶ እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይቀመጣል፤ 255 ላይ የደረሰ ነጭ ውስጥ የሚመለስ ዝርዝር የለም። ጥላ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የተረፈ ነገር አለ።

ስናፕሲድ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እዚያ “ሻዶውስ” የሚለውን ከ30 እስከ 40 ከፍ፣ “ሃይላይትስ” የሚለውን ዝቅ አድርጉ፤ ፊት ይወጣል፣ ጀለቢያውም እጥፋቱ ይታያል። የዶርም መብራት ፊትን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ካደረገው በ“ዋይት ባላንስ” ነጩ ልብስ ነጭ እስኪመስል አስተካክሉ፤ ጀለቢያ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ነው። አንድ ፊት ብቻ ከጨለመ “ሴሌክቲቭ” አለ። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ይጨመቃል።

“ሰው አምሮ መታየት ቢፈልግ ምን አለበት?” የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። በራሱ ፎቶ የራሱ ጉዳይ ነው እላለሁ፣ ባልወደውም። የጀመዓ ፎቶ ግን አማና ነው፤ የሌላው ሰው መልክ በእጃችን ነው ያለው። ሳይጠየቅ ቀይ ሲደረግ “እንዲህ ብትሆን ይሻል ነበር” እንዳልነው ይቆጠራል። እህቶችን በተመለከተማ ከኤዲቲንጉ በፊት ፈቃድ ይቀድማል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የሚዲያ ክፍላችን የማስዋቢያ ፊልተርን በዘንድሮው ፕሮግራም ጨርሶ እንዲተወው እጠይቃለሁ።

የዚያን ቀን ዋናውን ፎቶ አላጠፋሁትም ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ከላይ በጻፍኩት መንገድ አስተካክዬ ለወንድማችን በፋይል ላክሁለት፤ አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ለእናቱም ላከላት። ግሩፕ ላይ የለቀቅኩት ግን በየስልኩ ወርዷል፤ ዛሬም የሦስት ተመራቂዎች ፕሮፋይል ነው።