የአካባቢ ሕግ በአንድ መድበል ተሰብስቦ ይያዝ

አዋጅ በነጋሪት ይታወጅ በነበረበት ዘመን፣ አዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ቆሞ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» እያለ ቃሉን ለሕዝብ ያደርስ ነበር። በዚህ ጥሪ ውስጥ የተቀመጠው ቁም ነገር ቀላል አይደለም። ሕግ ሕዝብን የሚያስገድደው ለሕዝብ ጆሮ በመድረሱ ነው የሚል እምነት አለበት። በ1934 ዓ.ም. የሀገሪቱ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ ሲቋቋም ነጋሪት የሚለውን ስም መያዙ፣ ይኸው እምነት ከከበሮው ወደ ማተሚያ መኪናው መሻገሩን ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ማወጅ አንድ ሥራ ሲሆን፣ የታወጀውን ሰብስቦ፣ በየርዕሱ አደራጅቶ፣ የተሻረውን ከጸናው ለይቶ መያዝ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ማብቂያ የለውም። ለመጀመሪያው ስብሰባ ይጠራል፣ ይጨበጨባል፤ ሁለተኛው በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ በአንድ መዝገብ ያዥ እጅ ይከናወናል፣ ወይም ጨርሶ አይከናወንም። ዛሬ የምናነሳው ይህን ጭብጨባ የሌለውን ሥራ ነው።

ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ እንጂ የሠራተኛውና የነዋሪው አይደለም የሚል ቢኖር፣ ከኑሮ የተወሰደ ምሳሌ እናቅርብለት። በአዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አከራዩ «ጨምር» ወይም «ልቀቅ» ቢለው መብቱንና ግዴታውን ከየት ያገኛል? በመጀመሪያ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ መግለጥ ይኖርበታል። ከ3,367 አንቀጾቹ መካከል የቤት ኪራይን የሚመለከቱት ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ይገኛሉ። የሚኖረው በተለምዶ የቀበሌ ቤት በሚባለው ውስጥ ከሆነ ግን የነገሩ ሥር ያለው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ላይ ነው። ከግለሰብ የተከራየ እንደሆነ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። ይህ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ቤቱ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ከሆነ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 እና የሕንፃው ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ይጨመራሉ። ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ደንቦችና መመሪያዎች ይከተላሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚናገረው ስለ አንድ ቤትና ስለ አንድ በር ቁልፍ መሆኑ ልብ ይባል። ሕጎቹ የወጡት በልዩ ልዩ ዘመን፣ የታተሙትም በልዩ ልዩ ቦታ ነው። የፌዴራሉ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የከተማው በአዲስ ነጋሪ ጋዜጣ ይወጣል፤ ወደ ክልሎች ሲኬድ አማራ ዝክረ ሕግ፣ ኦሮሚያ መገለታ ኦሮሚያ የተሰኙ የየራሳቸው ጋዜጦች አሏቸው። ከሌሊት ፈረቃ የወጣው ሠራተኛ የትኛውን በር ያንኳኳ?

በሌላ በኩል ሕጉ ለእርሱ የሚራራ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል። ደንቡ ተገቢ ነው፤ ያለ እርሱ ማንም «አላወቅሁም» እያለ ያመልጣልና። ነገር ግን ሕጉን የማወቅ ግዴታ በዜጋው ትከሻ ላይ ከተጫነ፣ ሕጉን ሊገኝ በሚችል ሥፍራ የማስቀመጥ ግዴታ በሕግ አውጪውና በአስፈጻሚው ትከሻ ላይ መጫኑ አይቀርም። አንዱ ሸክም ያለ ሌላው ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

ችግሩን የሚያባብሰው በአዋጆቻችን መጨረሻ ላይ እየተደጋገመ የሚገኘው የታወቀ ድንጋጌ ነው። ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ሕግ፣ ደንብ፣ መመሪያ ወይም የአሠራር ልምድ ተፈጻሚነት አይኖረውም ይላል። አባባሉ ሲነበብ ኃይለኛ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ሰነፍ አንቀጽ ነው። የሚቃረነው የትኛው ሕግ ነው? የትኛው አንቀጽ፣ የትኛውስ ንዑስ አንቀጽ? ረቂቁን ያዘጋጀው ባለሙያ በጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ፣ ለተከራዩ፣ ለጉዳይ አስፈጻሚውና ለዳኛው አሳልፎ ሰጥቷል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ትርጉም ይሰጣል፤ አንዱ ጸሐፊ ያለቀለት ነው የሚለውን መመሪያ ሌላው ጸሐፊ በማኅተም ይሠራበታል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ተደላድሎ የሚኖረው ደግሞ ጉዳዩን በገንዘብ የሚያስጨርስ ደላላ ነው። ሕግ በተበታተነ ቁጥር ዕውቀቱ የጥቂቶች ሸቀጥ ይሆናል።

የሕጎቻችን መለዋወጥ ፈጣን መሆኑም አይዘነጋ። የከተማ ቦታ ሊዝን የሚመለከተው አዋጅ በ1986 ዓ.ም. በቁጥር 80 ወጣ፤ በ1994 ዓ.ም. በቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 721 ተተካ። አሮጌ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ያለው ሰው ስለ ጋብቻ የሚያነበው ምዕራፍ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የተተካ መሆኑን መጽሐፉ ራሱ አይነግረውም። የአስተዳደር እርከኖችም ስማቸው ተለውጧል፤ «ከፍተኛ» የሚባለው ቀርቶ ክፍለ ከተማ መጥቷል። የድሮው ወረቀት ግን አሁንም ከፍተኛና ቀበሌ እያለ ይጠራል፤ አንድ ቤት ሁለትና ሦስት ቁጥር ይዞ መገኘቱ ለአንባቢያን እንግዳ ነገር አይደለም።

ሕጎችን የማሰባሰብ ሙከራ በሀገራችን አልነበረም ለማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1972 የዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ በሥራ ላይ ያሉ ሕጎችን አጠቃልሎ አሳትሞ ነበር። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ የ1966ቱ ለውጥ መጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ስለ ገጠር መሬትና ስለ ከተማ ቦታ የወጡት አዋጆች ከመሠረቱ የለወጡትን ያን ጥራዝ ማንም በየዓመቱ እያደሰ አልተከተለውም። ከዚህ የምንማረው፣ መድበልን ማዘጋጀት ቤት እንደ መሥራት ሲሆን፣ መጠበቁ ደግሞ ጣራውን በየክረምቱ እንደ መጠገን መሆኑን ነው።

ሥራው በሌላ ሀገር እንዴት እንደሚከናወን ለማየት፣ ለእኛ ባዕድ ያልሆነ አንድ አካባቢ እንውሰድ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ስቴት የሚገኘው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች አሉት። ካውንቲ ማለት ከስቴት በታች ያለ የአካባቢ መስተዳድር ነው። በዚሁ ካውንቲ ውስጥ በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ሥፍራዋ የራሷ ከንቲባና የራሷ ምክር ቤት ስለሌላት የሚገዛት የካውንቲው ሕግ ነው። ይህም ሕግ በአንድ መድበል ውስጥ በምዕራፍ በምዕራፍ ተደርድሯል፤ ምዕራፍ 29 የአከራይና የተከራይ፣ ምዕራፍ 31ለ እንደማለት ያለ የፊደል ምልክት የያዘው የድምፅ ብክለት፣ ምዕራፍ 59 የቦታ አጠቃቀም ነው።

የፊደሉ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ይሁንና የሥራው ብልሃት ያለው እዚያ ነው። በሁለት ምዕራፎች መካከል አዲስ ርዕስ ማስገባት ሲያስፈልግ የቀሩት ቁጥሮች አይነኩም፤ በቀደመው ቁጥር ላይ ፊደል ይታከልበታል እንጂ። ምክንያቱም ቁጥር ከተለወጠ በየውሉ፣ በየፍርዱና በየቅጣት ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ሐሰት ይሆናል። እንደዚሁም በየአንቀጹ ግርጌ አንቀጹን የፈጠረውና ያሻሻለው ሕግ ከነዓመቱ በቅንፍ ይጻፋል። አንባቢው የሕጉን ዕድሜና የትውልድ ሐረግ እዚያው ያገኘዋል።

ከሁሉ በላይ ትምህርት የሚሆነን የረቂቅ አዘገጃጀታቸው ነው። ለካውንቲው ምክር ቤት የሚቀርብ ረቂቅ የትኛውን ምዕራፍ፣ የትኛውን አንቀጽ እንደሚያሻሽል በመግቢያው ይናገራል፤ የሚጨመረው ቃል ተሰምሮበት፣ የሚሰረዘው በቅንፍ ተከብቦ ይታያል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2023 ምክር ቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ ሲያወጣ፣ ድንጋጌው የገባው በዚያው በምዕራፍ 29 ውስጥ ነው። ሕጉ ከሚመለከታቸው ቤቶች ላይ የሚደረገው ጭማሪ ከዋጋ ንረቱ በላይ 3 በመቶ ድረስ፣ በምንም ሁኔታ ግን ከ6 በመቶ ያልበለጠ ነው። ከግዴታው ነጻ የተደረጉ ቤቶችም አሉ። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ተከራይ ይህ ገደብ ከመውጣቱ በፊትም ሆነ ከወጣ በኋላ መብቱን የሚፈልገው በአንድ ምዕራፍ ነው። የእኛው ተከራይ ግን ከላይ እንዳየነው አራትና አምስት በር ይዞራል።

ይህን ስንል እዚያ ያለው ሁሉ እንከን የለሽ ነው ማለታችን አይደለም። በዚያ ሀገር መድበሎችን የማሳተሙና የማደሱ ሥራ በብዙ ቦታ ለግል አሳታሚ ድርጅቶች በውል ይሰጣል፤ በዚህም ሕጉ የማን ነው የሚል ክርክር ሲነሳ ቆይቷል። የጆርጂያ ስቴት ከነማብራሪያው የሚታተመውን የሕግ መድበሉን የቅጂ መብት አለብኝ ብሎ ያለፈቃድ ለሕዝብ ያሠራጨውን ድርጅት በከሰሰ ጊዜ፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ስቴቱ እንዲህ ያለ መብት የለውም ሲል ወሰነ። በእኛም ዘንድ መድበል የማዘጋጀቱ ሥራ ሲታሰብ ይህ ከወዲሁ ሊጤን ይገባዋል። ሥራውን የሚሠራው ማንም ይሁን ማን፣ የሚሠራበት የሕዝብ ንብረት ነው።

በሀገራችን መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183፣ የመንግሥት ተቋማት የሚያወጧቸው መመሪያዎች እንዲመዘገቡና ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም በሠራተኛው ኑሮ ላይ በየዕለቱ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ አዋጁ ሳይሆን፣ በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው መመሪያ ነው። ሆኖም አዋጁ የወጣው ለፌዴራል ተቋማት ነው። ነዋሪው ዘወትር የሚመላለስበት ወረዳ፣ በአንድ ወቅት ምን እንዳዘዘ፣ ትእዛዙም እስከ ዛሬ ጸንቶ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ እንዲኖረው የሚጠይቅ ኃይል ከታች ካልተነሳ ከላይ ብቻ አይመጣም።

ይህ ኃይል የነዋሪዎች ማኅበር፣ የእድር፣ የጋራ ሕንፃ ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበር አባላት ነው። ስብሰባ ስንጠራ ስለ ጽዳት፣ ስለ ጥበቃና ስለ መዋጮ እንነጋገራለን፤ የምንተዳደርበትን ደንብ ግን በቃል እናወራዋለን እንጂ ከነማሻሻያው በአንድ ላይ አስይዘን አናውቅም። ሊቀ መንበሩ ሲለወጥ ቃለ ጉባኤው አብሮት ወደ ቤቱ የሄደበት ማኅበር ጥቂት አይደለም። የሌላውን መዝረክረክ ከመንቀፋችን በፊት የራሳችንን ደንብ የተሻሻለው አንቀጽ በቦታው ገብቶ፣ የተሻረው ተሰርዞ፣ የውሳኔው ቀን በግርጌ ተጽፎበት በአንድ ጥራዝ እናድርገው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያለው አንድ አባልና በየሦስት ወሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከዚያም ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት እንሂድ። የምንጠይቀው በሥራ ላይ ያሉ ደንቦችና መመሪያዎች ዝርዝር ከነቁጥራቸውና ከነቀናቸው፣ እያንዳንዱም የትኛውን እንደተካ ተገልጾ፣ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት ክፍል እንዲገኝ ነው። ዝርዝሩ እስኪዘጋጅ ድረስ ደግሞ በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች መካከል የተሻሩት ዛሬውኑ ይነሱ።