«ጋሼ፣ ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ»

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የተበሳ ፒስቶን አለ። ሁልጊዜ እንዳየው ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። አናቱ ላይ የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ጠርዟ እንደ ቀለጠ ሻማ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በጭስ መውጫው በኩል ያለው ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተፍቋል፣ ፋሻው ቦታው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህ ፒስቶን እዚያ የደረሰው በአራተኛ ማርሽ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተጭኖ፣ የአሸዋ ኮረብታ ሽቅብ ሲወጣ ነው። ሞተሩ ላይ የተቀመጠው የ19 ዓመት ልጅ ነበር።

ልጁ የጓደኛዬ ልጅ ነው፤ ላስ ቬጋስ ተወልዶ ያደገ። ያገለገለ ግን ንጹሕ ያማሃ ባንሺ፣ ባለ አራት ጎማ የአሸዋ ሞተር፣ ገዛ። ደሞዙን አጠራቅሞ አዲስ ጥንድ ማርሚታ አስገጠመለት፣ የፊልትሮውን ሣጥን ክዳን ፈትቶ ጣለው፣ ክፍት ፊልትሮ አስገባ። ማርሚታውን የሸጠለት ሱቅ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ካርቶኑን አስታቅፎ ሸኘው። ስለ ካርቡሬተር አንድም ቃል አልተነፈሰም። ልጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጂግለሩን ስንት ላድርገው? ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ» አለኝ። «ይዘኸው ና፤ ሳላየው አልናገርም» አልኩት። አልመጣም። ቁጥሩን ሌላ ሰው ሰጠው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዱሞንት አሸዋ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ፣ የኋላ ጎማዎቹ ተቆለፉ፣ ልጁ በመሪው ላይ ተወረወረ። የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ሳየው ያለቅስ የነበረው ለአጥንቱ አልነበረም፤ ለሞተሩ ነበር።

እኔ የምቆጣው በልጁ አይደለም። የምቆጣው የማያውቁትን ሞተር በስልክ በሚያክሙ ሰዎችና መድኃኒቱን ደብቀው በሽታውን በሚሸጡ ነጋዴዎች ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «280 አድርገው፣ እኔ ዘንድ ይሠራል» ብሎ የተናገረው ሰው ያን ቀን አሸዋው ላይ አልነበረም።

ባንሺ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቶ በአሜሪካ እስከ 2006 የተሸጠ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 347 ሲሲ ቱ ስትሮክ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ 26 ሚሊ ሜትር ሚኩኒ ካርቡሬተር አለው። ለአሜሪካ ገበያ ከፋብሪካ ሲወጣ ዋናው ጂግለር 200፣ የሚኒሞው ደግሞ 25 ነበር። እነዚህን ቁጥሮች የመረጡት መሐንዲሶች ለአንድ የተወሰነ ማርሚታ፣ ለአንድ የተወሰነ ፊልትሮ፣ ክዳኑ ለተገጠመ ሣጥን ነው የመረጧቸው። ማርሚታውን በቀየርክባት ደቂቃ ያ ስሌት ፈርሷል። ከዚያ በኋላ 200 ቁጥር ጂግለር ይዘህ አሸዋ ላይ መውጣት ዓይን እያየ ገደል መግባት ነው።

ጂግለር ለማያውቃት ሰው እዚህ ግባ የማትባል ዕቃ ናት። ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ መሐሏ የተበሳ የነሐስ ብሎን። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ በታች ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ነዳጅ ልክ ግን በዚያች ቀዳዳ ይወሰናል። በቱ ስትሮክ ላይ ደግሞ ነገሩ በእጥፍ ይከፋል፤ ዘይቱም የሚመጣው በዚያችው ቀዳዳ ነውና። ፎር ስትሮክ ከሥሩ የተቀመጠ የራሱ ዘይት አለው። ባንሺ ግን ለ32 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ተደባልቆለት ሲሄድ፣ ነዳጅ አነሰው ማለት ማቀዝቀዣውም ማለስለሻውም በአንድ ጊዜ አነሱት ማለት ነው። ይራባል፣ ይጠማል፣ ከዚያ ይቃጠላል።

ስለ ማርሚታው ላስረዳ፤ የሰዎች ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም። ሆዱ ሰፍቶ መልሶ የሚጠበው በምክንያት ነው። ጭሱ ወጥቶ ሆዱ ውስጥ ሲገባ የግፊት ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱ ጠባቡ ጫፍ ላይ ነጥሮ ይመለስና ከሲሊንደሩ ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ አየርና ነዳጅ፣ በሩ ሳይዘጋ ገፍቶ ይመልሰዋል። ጥሩ ማርሚታ ማለት ሞተሩን በከፍተኛ ዙር በትክክለኛዋ ቅጽበት የሚያጎርሰው ማለት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይጨምራል። አየሩ ሲጨምር ነዳጁ አብሮት መጨመር አለበት። በዚያ ላይ የፊልትሮው ክዳን ሲነሣ ካርቡሬተሩ ነዳጁን የሚስብበት መምጠጥ ይዳከማል፤ ስለዚህ አየሩ በዝቶ ሳለ ነዳጁ ጭራሽ ያንሳል። ሁለቱን ለውጥ ባንድ ቀን አድርጎ ጂግለሩን አለመንካት፣ ወይም የሰው ቁጥር ወስዶ ዝም ብሎ መሄድ፣ ያንን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ፒስቶን መሥራት ነው።

«እኔ ዘንድ 280 ነው» ይሉሃል። አንተ ዘንድ የት ነው? በስንት ዲግሪ? በስንት ሜትር ከፍታ? በየትኛው ማርሚታ፣ በየትኛው ፊልትሮ፣ የካርቡሬተሩ መርፌ በየትኛው እርከን ላይ ተሰቅሎ? የሚኩኒና የኬይሂን ቁጥር ራሱ በአንድ ሚዛን አይለካም፤ የአንዱን 180 ለሌላው መስጠት በሰው ቁና መስፈር ነው። አየሩም አንድ አይደለም። በባሕር ወለል 0 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.29 ኪሎ ይመዝናል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 1.16 ይወርዳል። አሸዋ ላይ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የክረምት በረሃ ቀን ያልብሃል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጥሃል። እኩለ ቀን ላይ ልክ የነበረች ጂግለር ንጋት ላይ ትንሽ ናት።

ከፍታውን የእኛ አገር ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር አዋሽ ሲወርድ አየሩ ወፍሮ ነዳጁ እንደሚያንሰው፣ ከቆላ የመጣው ደግሞ ደጋው ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ እንደሚያለከልክ የድሮ መካኒኮቻችን ያውቁ ነበር። አሜሪካም ሕጉ ያው ነው። ዩታ ውስጥ ሊትል ሳሃራ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ በደንብ የተስተካከለ ሞተር በተጎታች ተጭኖ ካሊፎርኒያ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቀው ግላሚስ ሲወርድ አየሩ ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ገደማ ይወፍራል። ባለቤቱ አውርዶ፣ ኦልድስሞቢል ሂል ላይ አንዴ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ፣ ከኮረብታው አጋማሽ ላይ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። «ትናንት እኮ ይበር ነበር» ይላል። አዎ፣ ትናንት ሌላ አየር ነበር የሚተነፍሰው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ነዳጅ ሲያንሰው ይፈጥናል» የሚለው ትምህርት ነው። እውነት ነው፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ድምፁ ይጠራል፣ ሲጫኑት ቶሎ ይነሣል፣ ልብ ይሞላል። የቱ ስትሮክ ክፋቱ ይህ ነው፤ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው የሚያምርበት ሞተር ነው። ያንን ጣዕም ለወጣት እንደ ጥበብ የሚያስተምር ሰው አንድ ቀን መጥቶ የተሰበረ አጥንት ይይ።

ሌላው ደግሞ «ለጥንቃቄ ዘይት ጨምርበት» ባዩ ነው። ቅን ምክር ይመስላል። ጂግለሯ የምታሳልፈው የፈሳሽ መጠን ግን ያው ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ዘይቱ ሲበዛ ቤንዚኑ ያንሳል። ጂግለሩን ሳይነካ ዘይት የጨመረ ሰው ሞተሩን ከቤንዚን አስርቦታል፤ አዳንኩት ብሎ ያሰበውን ወደ እሳቱ አስጠግቶታል።

መንገዱ ረጅም ነው፤ አቋራጭ የለውም። መጀመሪያ የሚፈተሸው ካርቡሬተሩ አይደለም፣ አየር የሚሰርቅበት ቦታ ነው። የካርቡሬተሩ ጎማ የተሰነጠቀ፣ የክራንኩ ጎማ ያረጀ ሞተር ላይ ጂግለር መቀያየር በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ጋዙን ስትለቀው ዙሩ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ጠርጥር። መግቢያና መውጫውን ደፍነህ 6 ፒኤስአይ ንፋ፤ 6 ደቂቃ ካልቆየ ጂግለሩን አትንካ፣ ቀዳዳውን ፈልግ።

ከዚያ ነዳጅ በሚበዛበት በኩል ጀምር። ትልቅ ጂግለር አስገባ፤ ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ላይ ይንተባተብ፣ ያጭስ፣ ይጨንቀው። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ካንዴላ ያበላሻል፤ ያነሰው ሞተር ሰው ይጥላል። አዲስ ካንዴላ ክተት። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በከፍተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ሂድና፣ ጋዙን ሳትለቅ ማጥፊያውን ተጫን፣ በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮኑን ያዝ። ሞተሩ በሚኒሞ እንዲሠራ አንድ ሰከንድ ከፈቀድክለት ያየኸው ቀለም ውሸት ነው። ካንዴላውን ፈትተህ ባትሪ አብራበት። ጫፉን አትይ፤ ነጩ ሸክላ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ሥሩን፣ እዚያ ያለችውን ቡናማ ቀለበት ተመልከት። ከሌለች፣ ሸክላው እንደ ኖራ ነጭ ከሆነ፣ ነዳጅ አንሷል። ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ካየህ ደግሞ ያን ቀን አትነዳውም፤ ነጠብጣቦቹ የፒስቶንህ አሉሚኒየም ናቸው።

ዋናው ጂግለር የሚገዛው ከሦስት አራተኛ ጋዝ በላይ ያለውን ብቻ ነው። መሐሉ የመርፌው ነው፤ ከሥር ያለው የሚኒሞ ጂግለርና የአየር ብሎኑ። ጋዝ መስጫው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ሩቡን፣ ግማሹን፣ ሦስት አራተኛውን በእስክሪብቶ አሰምርበታለሁ፤ ሞተሩ የት ላይ እንደሚቸገር የማውቀው በዚያ ነው። ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል ካልተከፈቱ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር እየጠገበ ሌላው ይራባል፣ የሚበሳውም የተራበው ነው።

ማርሚታ ለምትሸጡ የምለው አንድ ነገር ነው። ከማርሚታው ጋር አምስት ስድስት ጂግለሮች በላስቲክ አድርጋችሁ ካርቶኑ ውስጥ ክተቱ። ሒሳቡን ዋጋው ላይ ጨምሩት፤ ማንም አይቆጥረውም። ካርቶኑ ላይም «ካርቡሬተሩን ሳታስተካክል አትንዳ» ብላችሁ በደማቅ ጻፉ። ይህን ያህል ማድረግ የማይፈልግ ሱቅ ማርሚታ ባይሸጥ ይሻላል።

ልጁ አጥንቱ ከተጠገነ በኋላ መጣ። ሲሊንደሮቹን አስጠርበን፣ አዲስ ፒስቶንና ፋሻ ገጥመን፣ አየር አለማስገባቱን አረጋግጠን ሁለታችንም ወደ ዱሞንት ሄድን። ንጋት ላይ ብርድ ነበር። አንድ ጊዜ ወጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እየተንሸራተተ ተመለሰ፣ ካንዴላውን ራሱ ፈታ። ባትሪውን አብርቶ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየ። ቁጥር አልጠየቀኝም። «ጋሼ፣ ቀለበቱ ቀጭን ነው። ብርዱም አለ» አለኝና፣ ጎንበስ ብሎ ከሣጥኑ አንድ ቁጥር ከፍ ያሉ ሁለት ጂግለሮች መረጠ።