ተራፊ መድኃኒት ወደ ውሃ አይጣል

«ወንዝ ያጥበዋል፣ ሐይቅ ይውጠዋል» የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ከከብት ሕክምና የተረፈው መድኃኒት ወደ ወራጅ ውሃ ይደፋል፤ ጊዜው ያለፈበት ክኒንም በመጸዳጃ ቤት ይጣላል። ጥቂት መድኃኒት በብዙ ውሃ ውስጥ ምን ጉዳት ያደርሳል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን በተግባር ከታየ ሙከራ እንመልከት።

በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ለምርምር የተከለሉ ትናንሽ ሐይቆች አሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ድረስ በየበጋው፣ ለወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚያገለግለውን ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን በአንዱ ሐይቅ ውስጥ ጨመሩ። መጠኑ ሲሰላ አንድ ግራም ሆርሞን ለ200 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ነበር።

ውጤቱ ግን እንደ መጠኑ ትንሽ አልሆነም። ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል አስኳል የሚሠራበትን ፕሮቲን በሰውነታቸው ማምረት ጀመሩ፤ በዘር ፍሬያቸውም ውስጥ እንቁላል ታየ። ዕድሜያቸው አጭር የሆነው ትናንሽ ዓሦች መራባት ስለተሳናቸው ዘራቸው ከሐይቁ ሊጠፋ ተቃረበ። እነርሱን የሚመገበው ትራውት የተባለው ትልቅ ዓሣም ቀለቡ ስለጎደለበት ቁጥሩ ቀነሰ። ጉዳቱ የመጣው ዓሣውን በመግደል ሳይሆን መራባቱን በማሰናከል ነው። ስለዚህ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ ስላላየን ብቻ ውሃው ደኅና ነው ማለት አንችልም። ደግነቱ፣ ሆርሞኑ መጨመሩ ከቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትናንሾቹ ዓሦች እንደገና ተራብተዋል።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። ቆሮሶና አምባዛ የሚሰገርበት የሐዋሳ ሐይቅ ገባር ወንዝ እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ወደዚህ ዓይነት ሐይቅ የገባን ነገር ወራጅ ውሃ ጠርጎ አያወጣውም።

በእኛ አስተያየት ኃላፊነቱ በገበሬው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ሰው የዋጠው መድኃኒት ከፊሉ በሽንት ይወጣል፤ የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያም ሁሉንም አያስቀረውም። ስለሆነም በሐይቅ ዳር ያሉ ከተሞችና ሆስፒታሎች ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ መልቀቅ የለባቸውም። መድኃኒት የሚያድል ክሊኒክም የተረፈውን መልሶ መቀበል አለበት። መመለሻ ቦታ ሳይኖር «አትጣሉ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም።

እስከዚያው ድረስ ግን በእጃችን ያለውን እንፈጽም፦

1. ለከብት የሚሰጥ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም በታዘዘው መጠን ብቻ ይገዛ፤ ያልተረፈ አይጣልም።
2. የመዥገር ማጥፊያ መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ስለሆነ፣ መርጫው በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር አይታጠብ። የተረጩ ከብቶችም ወዲያው ወደ ውሃ አይነዱ።
3. ተራፊ መድኃኒትና ባዶ ጠርሙስ ከልጆች ርቆ ተቀምጦ ለእንስሳት ጤና ወይም ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ ይሰጥ።

ዓሣ ጠፍቶ መረቡ ባዶውን ከወጣ በኋላ ምክንያቱን ከመፈለግ ዛሬ እጅን መሰብሰብ ይቀላል።